የአስር ሰዓት ተኩሉ ጎል

ኳስ በቴሌቪዥን የሚተነትኑ ሰዎች አንድ ቡድን ሲሸነፍ «ትኩረት አጥተው ነው» ይላሉ። ይህችን ይሉና ወደ ማስታወቂያ ይሄዳሉ። ትኩረቱ የት እንደሄደ፣ በስንት ሰዓት እንደሄደ፣ ይመለስ አይመለስ የሚናገር የለም። የእኛ ኮሌጅ ቡድን ትኩረት ግን የት እንደሚሄድ ከነሰዓቱ ይታወቅ ነበር። አስር ሰዓት ተኩል ሲሆን በፋብሪካ ሰርቪስ ተሳፍሮ ወደ ቂሊንጦ ይሄዳል። ይህን በድፍረት የምናገረው የሚሄደው ትኩረት የእኔ ስለነበረ ነው። በረኛው እኔ ነበርኩ።

ኮሌጁ ቃሊቲ ካሉት የሙያ ማሰልጠኛዎች አንዱ ነው። እኔ አውቶ መካኒክ እማር ነበር። ከግቢው ጀርባ ሜዳ አለን፤ ሜዳ የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው። ዝናብ ሲጥል ጥቁሩ አፈር ጫማ ይውጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ጨዋታ በሌለበት ቀን ደግሞ የሰፈሩ አህዮች ይውሉበታል። ጨዋታ ባለበት ቀንም አንዳንዶቹ አይሄዱም። በአንዱ ጫፍ የግቢው ግንብ ስላለ እዚያ ያለውን «የግንቡ ጎል» እንለዋለን። በሌላው ጫፍ ከጎሉ ጀርባ አስር እርምጃ ያህል እልፍ ብሎ አስፋልቱ ያልፋል፤ ያኛው «የመንገዱ ጎል» ነው። መረብ የለውም። እዚያ የሚገባ ኳስ መጀመሪያ በጎልነቱ፣ ቀጥሎ ሲኖትራክ ስር በመግባቱ ሁለት ጊዜ ያስደነግጣል።

አስፋልቱ ልክ ከጎሉ ጀርባ ሲደርስ ተቦርቡሮ ሰፊ ጉድጓድ ሆኗል። ማንም ሹፌር ይሁን ማን እዚያ ሲደርስ ማርሽ ቀንሶ እንደ እግረኛ ነው የሚያልፈው። መንገዶች ባለሥልጣንን በዚህ ጉድጓድ የረገመ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ጉድጓዱ እንዳይደፈን በልቤ ዱዓ የማደርግ ብቸኛው የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ ነበርኩ።

ምክንያቱ እህቴ ናት። እኔና ታላቅ እህቴ ከወሎ መጥተን አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እሷ ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የከሰዓት ፈረቃ ትሠራለች። እኔ ጠዋት ስወጣ እሷ ተኝታለች፤ እሷ ስትመለስ እኔ ተኝቻለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ እየኖርን ከእሁድ በቀር አንዳችን ሌላችንን የምናየው ተኝቶ ነው። ስታንኮራፋ ከሰማኋት ደህና ናት ማለት ነው ብዬ እወጣለሁ። እሷም ስለ እኔ እንደዚያው ትል እንደነበር በኋላ ነገረችኝ፤ እኔ ግን አላንኮራፋም።

ታዲያ የእሷ ሰርቪስ አስር ሰዓት ተኩል ላይ በሜዳችን ጥግ ያልፋል። ሁልጊዜ ሦስተኛው መስኮት ጋ ነው የምትቀመጠው። ሰርቪሱ ጉድጓዱ ውስጥ ሲንከላወስ እኔ ከመንገዱ ጎል ዞሬ አያታለሁ፣ እሷ ደግሞ በእጇ የቀኑን ዜና ትነግረኛለች። ጉንጯን ከነፋች ዳቦ የለም፣ ግዛ ማለት ነው። ሁለት እጇን እንደ ባልዲ ተሸካሚ ወደ ታች ከዘረጋች ውሃ መጥቷል፣ ሮጠህ ጄሪካኖቹን ሙላ ማለት ነው። ግንባሯን ከቋጠረችና ጣቷን ካወዛወዘች አከራያችን ተቆጥተዋል፣ በኋላ በር ግባ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ መዳፏን መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች። ለእሱ ትርጉም አልሰጠነውም ነበር።

ስልክ የላችሁም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለን። ሜዳ ላይ ስሆን ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ እሷ ፋብሪካ ስትገባ ስልኳ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል እያልኩ ማስረዳት እችላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እንደዚያ መሆኑን ወደነው ነበር።

እንግዲህ በረኛ ለዳቦና ለውሃ ጉዳይ ጀርባውን ለጨዋታው ሲሰጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። የሚገርመው ማንም አለመንቃቱ ነው። አምበላችን የሳሪስ አቦ ልጅ ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚያ ሱቅ ከፍተዋል። እጣ ሲወጣ የመንገዱን ጎል እንዲመርጥልኝ በየጨዋታው እለምነዋለሁ፣ እሱም ፀሐይ ዓይኔን ስለምትወጋኝ እየመሰለው ይመርጥልኛል። ጨዋታ የሚጀመረው አስር ሰዓት ላይ ነው። በሠላሳኛው ደቂቃ ጎል ይገባብናል። ከዚያ ተከላካዮቹ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ፣ እኔም አብሬያቸው እሳደባለሁ።

አሠልጣኛችን የብረታ ብረት መምህራችን ነበሩ። ኳስ በእግር እንደሚመታ ያውቃሉ፤ ከዚያ ያለፈውን አያውቁም። ዲኑ ለእያንዳንዱ መምህር ተጨማሪ ሥራ ሲያከፋፍሉ አንዱ ጽዳት፣ አንዱ ችግኝ ደረሰው፣ ለእሳቸው ኳሱ ደረሳቸው። ችግኙ ቢደርሳቸው ኖሮ አሁን ግቢው ደን ይሆን ነበር፤ የያዙትን ነገር የማይለቁ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ የሞከሩት ተነሳሽነታችንን ማሳደግ ነበር። ተነሳሽነት የላችሁም ብለው አንድ አነቃቂ ተናጋሪ አስመጡልን። ሰውየው ጠባብ ሱሪና ሹል ጫማ አድርጎ መጣና ዓይናችንን ጨፍነን ዋንጫ እንድናይ አዘዘን። አየን። «እችላለሁ!» እያልን እንድንጮኽ አዘዘን። ጮኽን፤ የጎረቤት ጋራዥ ሠራተኞች ምን ደረሰባቸው ብለው በግንቡ ላይ እስኪያዩን ድረስ። በማግስቱ አምስት ለዜሮ ተሸነፍን። አምበላችን እንዳለው ሰውየው ዓይናችሁን ግለጡ ማለቱን ረስቶት ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ በኋላ መምህራችን ወደሚያውቁት ተመለሱ። የሚያውቁት ካይዘን ነው። ሙያ ኮሌጅ ያልተማረ ሰው ካይዘን ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላልና ባጭሩ ልናገር፦ ከጃፓን የመጣ የአሠራር ማሻሻያ ነው፣ በእኛ ኮሌጅ ግን ከሃይማኖት ቀጥሎ ያለ ነገር ነበር። ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጹ በቀለም ተስሎለታል። መዶሻው የመዶሻ ሥዕሉ ላይ፣ ጉጠቱ የጉጠት ሥዕሉ ላይ ይሰቀላል። ባዶ ሥዕል ከታየ አንድ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው። የማይፈለግ ዕቃ ላይ ደግሞ ቀይ ወረቀት ይታሰርበታል፤ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ የሚፈልገው ክፍል ካልተገኘ ይወገዳል።

መምህራችን ይህን ሁሉ እንዳለ ሜዳ ላይ አወረዱት። ሦስት ቀን ኳስ ሳንነካ ፌስታልና የአህያ ፋንድያ ለቀምን። ማሊያዎቻችን መጋዘን ውስጥ ቁጥር በተጻፈበት መደርደሪያ ላይ ተቆለፉ፤ ከጨዋታ ውጭ ያለ ቅጽ አይወጡም። ግራ ክንፋችን ቀይ ወረቀት ታሰረበት። ወረቀቱ ላይ «ለሌላ ክፍል ሊጠቅም ይችላል» ይላል። ልጁ ሳምንት ሙሉ ለአትሌቲክስም ለመረብ ኳስም ቢጠየቅ የሚወስደው ጠፍቶ ወደ እኛው ተመለሰ።

ጉዱ ግን ክቡ ነው። አንድ ቀን ለጨዋታ ስንወጣ ሜዳው ላይ አሥር የኖራ ክቦች ተሥለው አገኘን፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የተጫዋቹ ቁጥር አለ። እኔ ጎሌ ስላለ ተረፍኩ። «ሁሉም ነገር ቦታ አለው፣ ሁሉም ነገር በቦታው» አሉ መምህራችን በኩራት። ከክቡ የወጣ ሰው እንደ ጠፋ መሣሪያ ይመዘገባል። ጨዋታው ተጀመረ። ኳሱ ከቀኝ ተከላካያችን ሦስት እርምጃ ርቆ ሲያልፍ ልጁ ክቡ ውስጥ ቆሞ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው በዓይኑ ሸኘው። የተጋጣሚ አጥቂ በመሀላችን እያለፈ «ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎ ከልቡ ጠየቀን። ስንት እንደገባብን አልናገርም። ሜዳው ግን በጣም ንጹሕ ነበር።

የሆነ ሆኖ እኚህ ሰውዬ አንድ የሠሩት ነገር ነበር። የገባብንን ጎል ሁሉ ከነደቂቃው ይመዘግቡ ነበር። አንድ ዓርብ ጠዋት ወርክሾፕ ስንገባ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ከታች ሰዓት፣ ወደ ላይ የጎል ብዛት። ሌላው ሁሉ ድንክዬ ነው፤ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ያለችው ቋሚ ግን እንደ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ብቻዋን ተገትራለች።

«በረኛ፣ ና እዚህ» አሉኝ።

ካይዘን ላይ አንድ ችግር ሲገኝ «ለምን?» እየተባለ አምስት ጊዜ ይጠየቃል። አምስተኛው ላይ ሥሩ ይገኛል ተብሎ ይታመናል። መምህራችን ቅጹን ይዘው፣ ቡድኑ በሙሉ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ እኔን መሀል አቆሙኝ።

«ለምን ገባብህ?»

«ኳሱን ስላላየሁት ነው ቲቸር።»

«ለምን አላየኸውም?»

«ዞሬ ስለነበረ።»

«ለምን ዞርክ?»

«ሰርቪስ እያለፈ ስለነበረ።»

እዚህ ላይ ወርክሾፑ በሳቅ ፈረሰ። የቂሊንጦ ሰርቪስ በሴቶች የተሞላ መሆኑን የማያውቅ የለም። አንዱ አፏጨ። መምህራችን ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረጉ።

«ለምን ሰርቪስ ታያለህ?»

«እህቴ አለችበት።»

«የሁላችንም እህቶች አሉበት!» አለ አምበሉ፣ ሳቁ እንደገና ተነሳ። እኔም ሳቅሁ። ካልሳቅሁ እንደማለቅስ አውቄዋለሁ።

«ለምን እህትህን ታያለህ?» አሉ መምህራችን አምስተኛውን፣ ዓይናቸውን ከቅጹ ሳያነሱ።

ለምን እህትህን ታያለህ ተብሎ ይጠየቃል? ስለ ዳቦው ልናገር ፈለግሁ፣ ስለ ውሃው ልናገር ፈለግሁ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሌላ ጊዜ አላያትማ» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። መምህራችን ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ቅጹ ላይ ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ሲጨርሱ «ይሄ የአሠራር ችግር ነው፣ የሰው ችግር አይደለም» አሉ። ከልባቸው እንደሆነ ገባኝ። ቢሆንም ካይዘን ካይዘን ነው። ሰኞ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታችን ነበር፣ ከሳሪስ ወዲያ ካለ ኮሌጅ ጋር። አስር ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጎል ብትገባ እዚያው ቀይ ወረቀት ታስሮብኝ እወጣለሁ፣ በቦታዬ ተጠባባቂው ይገባል። ተጠባባቂው የእንጨት ሥራ ተማሪ ነው፤ እንደ በር መቃን ረጅም፣ እንደ በር መቃን የማይንቀሳቀስ።

እሁድ ሆነ። እህቴ በረንዳ ላይ ልብስ እያጠበች እኔ ጄሪካን አቀብላታለሁ። ነገሩን ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ሰርቪስ ውስጥ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ምን ብለው?»

«የወንፊቱ እህት።»

እየሳቀች ነበር የተናገረችው፣ ዓይኖቿ ግን አልሳቁም። ለካ ገና ስትቀጠር ወንድሜ የኮሌጅ በረኛ ነው ብላ ለሰርቪሱ ሁሉ አውርታለች። ለካ ሰርቪሱ ጉድጓዱ ውስጥ በገባ ቁጥር ልጆቹ ሁሉ መስኮት ላይ ተደርድረው ያዩኛል። የሚያዩት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እኔ ዞሬ እጄን አነሳለሁ፣ በኋላዬ ኳሱ ገብቶ ወደ አስፋልቱ ይመጣል።

«ወላሂ እኔ እጄን ሳነሳልህ እነሱ ጎል ይቆጥራሉ» አለች። «አንዷማ ‹አንቺ፣ ወንድምሽን ተዪው፣ ስታዪው ነው የሚገባበት› አለችኝ።»

አፍሬ ነበር። ሰው ሲያፍር ይቅርታ ይጠይቃል ይባላል፤ እኔ ሳፍር እቆጣለሁ።

«እንግዲያው አላይሽም» አልኳት። «ውሃውም ዳቦውም ይቅር።»

«አትየኝ» አለች፣ ወደ ልብሷ ጎንበስ ብላ።

በሳምንት አንዷን ቀናችንን እንደዚያ ተኮራርፈን ዋልን። ሰኞ ጠዋት ስወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ የምር ተኝታ ይሁን አይሁን ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ዘነበ። ሜዳው ገንፎ ሆነ። መምህራችን ለአምበሉ እጣ ከወጣልህ የግንቡን ጎል ምረጥ፣ ይሄ ልጅ ከመንገዱ ይራቅ ብለው አዘዙት። ዓመት ሙሉ እጣ ተሸንፎ የማያውቅ አምበል በዚያን ቀን ተሸነፈ። የሳሪሶቹ በመንገዱ ጎል ፊት ያለውን የውሃ ኩሬ አይተው የግንቡን መረጡ። እኔ ወደ መንገዱ ጎል ስሄድ መምህራችን በመስመሩ ዳር ተከትለውኝ መጡ። በአንድ እጃቸው የወርክሾፑን ሰዓት ይዘዋል፤ ከሸሚዝ ኪሳቸው ቀዩ ወረቀት ብቅ ብሏል። ገመዱ ሳይቀር ተዘጋጅቶለታል።

ጥሩ ነበር የተጫወትነው። ክቦቹን ዝናቡ ስላጠፋቸው ሁሉም እንደ ሰው ሮጠ። እኔ ግን ጨዋታውን በዓይኔ፣ መንገዱን በጆሮዬ ነበር የያዝኩት። መካኒክ መሆን እዚህ ላይ ጎዳኝ። የእህቴን ሰርቪስ ከሌላው ለይቼ አውቀዋለሁ፤ የፊት ፍሬን ሸራው ስላለቀ ሲይዝ ያፏጫል። ከሩቅ ሲያፏጭ ሰማሁ። ማርሽ ቀነሰ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መንከላወስ ጀመረ፣ ልክ ከጀርባዬ። መስኮቶች ሲከፈቱ ይሰማኛል። የሴቶች ድምፅ ተንጫጫ፤ አንዷ «ወንፊት!» አለች፣ ሌሎቹ ሳቁ። የእህቴን ድምፅ ፈልጌ አጣሁት።

አንገቴ የእኔ አልሆን አለኝ። ዓመት ሙሉ በዚህ ሰዓት የለመደውን ነገር ሊያደርግ ይጎትተኛል። ልክ በዚያች ቅጽበት የሳሪሶቹ አጥቂ ተከላካዮቻችንን ሰንጥቆ ብቻውን መጣ። እኔን አላየኝም፤ እሱም እንደ ሰው ልጅ ቀና ብሎ ሰርቪሱን አየ። ለአንድ ዓይን ጥቅሻ ነው ያየው። ያቺ ጥቅሻ በቃችኝ። ኩሬው ውስጥ በሆዴ ሄጄ እግሩ ስር ተነጠፍኩ፣ ኳሱ ደረቴ ላይ ከነጭቃው ተለጠፈ።

ከኋላዬ የተነሳውን ጩኸት አልረሳውም። ሹፌሩ ክላክስ ያዘና አልለቅም አለ፣ ልጆቹ የሰርቪሱን ቆርቆሮ እንደ ከበሮ መቱት። ኳሱ በእጄ ነው። ጨዋታው ቆሟል። አሁን ብዞር ማንም አይጠይቀኝም፣ መምህራችን እንኳን ሰዓታቸውን ትተው እያጨበጨቡ ነው። አልዞርኩም። ስለ ቀዩ ወረቀት አልነበረም። አላይሽም ብያታለሁ፤ ደግሞ ብዞርና ሦስተኛው መስኮት ላይ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ባገኛትስ ብዬ ፈራሁ። ኳሱን አቅፌ ጭቃው ውስጥ ተኛሁ። ሰርቪሱ ከጉድጓዱ ወጥቶ ማርሽ ሲቀይር፣ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁት። ያኔ ዞርኩ። አስፋልቱ ላይ አንድ አህያ ብቻ ቆሟል።

ከእረፍት በኋላ ወደ ግንቡ ጎል ተሻገርን። እዚያ ሰርቪስ የለ፣ እህት የለ፣ ምንም የለ፤ ሁለት ጎል ገባብኝ። አንደኛው በእግሮቼ መሀል ነው ያለፈው። ሲያልቅ መምህራችን ቅጻቸው ላይ «አስር ሰዓት ተኩል፦ ዜሮ» ብለው ጻፉና ቀዩን ወረቀት ፊቴ ቀደዱት።

«ቲቸር፣ ግን እኮ ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን» አለ አምበሉ።

«እሱ ሌላ ችግር ነው» አሉት። «ለእሱ ሌላ ቅጽ አለ።»

ጭቃ በጭቃ ሆኜ ቤቴ ገባሁ። ጄሪካኖቹ ባዶ ናቸው። ቧንቧውን ብከፍተው አየር ተነፈሰብኝ። አከራያችን በራቸው ላይ ቆመው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ውሃውማ መጥቶ ሄደ» አሉ። «ልክ እህትህ ስትወጣ ነው የመጣው። ወንድምሽን ልጥራልሽ ወይ፣ ሰርቪሱ ያመልጥሻል ስላት ‹ግድ የለም እትዬ፣ ሜዳ ላይ ስለሆነ ሳልፍ እነግረዋለሁ፣ መጥቶ ይሞላል› ብላኝ ሄደች። አልነገረችህም?»

ነግራኛለች። በሁለት እጇ፣ በሦስተኛው መስኮት፣ ጀርባዬን እያየች። እሁድ የተጣላነውን ቂም ይዛው ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ብላ አትሄድም ነበር። እኔ ነበርኩ ኩርፊያውን ይዤ የዞርኩት፣ ወይም ያልዞርኩት። ጥቁር አፈር ሲደርቅ ቆዳ እንደሚሰበስብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንድ ጄሪካን ውሃ ከጎረቤት ተበድሬ ግማሹን ለእሷ አስቀመጥኩላት።

በዚያ ሳምንት ሜዳ አልወጣንም፤ ጨዋታ አልቋል፣ የብቃት ምዘና ፈተናችን ስለደረሰ ወርክሾፕ ውስጥ ነበርን። ሰርቪሱን በጆሮዬ ብቻ ነው የማገኘው። ልደውልላት እጄን ስልኩ ላይ አደርግና እተወዋለሁ። እሷ የምትተወው ሽሮ እንደ ወትሮው ተከድኖ ይጠብቀኛል። ተቆጥታ እንደሆነ ለማወቅ ጨዉን እየቀመስኩ መረመርኩ፤ ማክሰኞ ትንሽ በዛ ያለ መሰለኝ፣ ረቡዕ ግን ልክ ነበር። ሳምንት ሙሉ ከሽሮ ነገር ስፈልግ ከረምኩ።

እሁድ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«አሸነፋችሁ አይደል?» አለች።

«ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን።»

«መቼ ነው የገባው?»

«ከእረፍት በኋላ።»

«እሱማ እኛ ካለፍን በኋላ ነው» አለች፣ በእጇ ወዲያ እየወረወረችው። «አይቆጠርም። እኛ ያየነው አልገባም። ልጆቹ እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ሲጨፍሩ ነው የሄዱት።»

ከዚያ «ለምን አልዞርክም?» አለችኝ። መምህራችን አምስት ለምን ይበቃል ይላሉ። ስድስተኛው ከእህቴ ዘንድ ነበር የቀረው።

«አላይሽም ብዬሽ ነበራ» አልኩ።

«ደግ አደረግህ» አለች። «እኔም ጀርባህን አየሁት።»

አልገባኝም። ማሊያዎቹ ከኮሌጁ ሲሰጡን ቁጥር አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱ የራሱን ያሰፋ ተብሎ እሷ ናት በአንድ እሁድ ከነጭ ቁራጭ ጨርቅ አንድ ቁጥርን ቆርጣ በእጇ የሰፋችልኝ። ከዚያ በኋላ ማሊያው መጋዘን ገባ። በሰርቪሱ መስኮት ደግሞ ዓመት ሙሉ የምታየው ፊቴን ነው። ቁጥሩን ሰው ጀርባ ላይ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ኪስ ነው የምሰፋው» አለች። «የግራ ኪስ ብቻ። ለማን እንደሚደርስ፣ ማን እጁን እንደሚከትበት አላውቅም። የሰፋሁትን ነገር ሰው ለብሶት ሳየው ሰኞ የመጀመሪያዬ ነው። ያቺን አንድ ቁጥር የሰፋኋት እኔ ነኝ አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ጠማለች አሉኝ» አለችና በሳቅ ፈረሰች። «እውነታቸውን ነው። ጉልበቴ ላይ ሳደርጋት ቀጥ ያለች ነበረች፣ አንተ ስትለብሳት ግን ወደ ግራ ትወድቃለች። ማሊያውን ይዘህልኝ ና፣ ፈትቼ አስተካክልልሃለሁ።»

በማግስቱ ቅጽ ሞልቼ ማሊያውን ማውጣት እችል ነበር፤ መምህራችን ዓይናቸውን ሳያሹ ይፈርሙልኝ ነበር። ለእህቴ ግን መጋዘኑ ተቆልፏል አልኳት። ከዚያ በኋላ በጠየቀችኝ ቁጥርም ቁልፉ ጠፋ፣ ኃላፊው ፈቃድ ላይ ነው እያልኩ ዋሸኋት። እንድታስተካክላት አልፈለግሁም።